መሃል ላይ የሚያልቅ ክር

የባየሽ ክር ሁልጊዜ የሚያልቀው መሃል ላይ ነው። መስቀሉ አንድ ክንድ ሲቀረው፣ አበባው በግማሽ ሲፈካ፣ የጥልፍ መኪናው ቀጥ ይላል። አዲስ ጥቅል ተክላ ስትቀጥል መጋጠሚያው ላይ ጉብታ ይወጣል። ስንት ዓመት በዚህ ነገር ስትቃጠል ኖራለች! አሜሪካ፣ ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ በሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ የተመሰገነች ሴት፣ አውራ ጣት በምታክል ጥቅል ትዋረድ?

ያን ሰሞን ደግሞ ባሰ። ልጇ ትሕትና ልታገባ ነው፤ የሠርጉን ቀሚስ የምትጠልፈው እናቷ ናት። ትሕትና መጥታ የደረቱን ጥልፍ በጣቷ ዳበስ አደረገችና፣ "ማሚ፣ ይኼ እኮ በምፒ ነው፣ ይጎረብጣል። ካስቸገረሽ ከአዲስ አበባ ኦርደር ላድርግ፣ ዶንት ወሪ" አለቻት። ባየሽ "ከሩቅ አይታይም" ብላ ሸኘቻት እንጂ፣ ሌሊቱን ጉብታውን ስትዳብስ ነው ያደረችው።

በማግስቱ ከክር ሱቅ ስትመለስ ግሪን ላይን ባቡር ውስጥ የጎረቤቷ ልጅ ጃለኔ አጠገቧ ዘጭ አለች። ጃለኔ ኮሌጅ የልብስ ሥራ ትማራለች፤ ብሉሚንግተን ባለው ትልቅ የገበያ ማዕከል ውስጥ ደግሞ ልብስ የሚያጠብቡበትና የሚያሳጥሩበት ሱቅ ተቀጥራለች። ባየሽን "አዴ" ነው የምትላት፤ በኦሮምኛ እትዬ እንደማለት ነው።

"አዴ ባየሽ፣ ደህና ዋሉ? ይኼ ሁሉ ምንድን ነው?" አለች የፌስታሉን ውስጥ አየት አድርጋ።

"ክር ነዋ! ምን መሰለሽ፣ ከረሜላ?"

"መጠኑስ ከረሜላ ነው የሚያክለው። ቤትዎ ያየሁት፣ እንደ ሾጣጣ ቆብ የተጠቀለለው ትልቁ የኮን ክርስ? ቀለሙ ያው አይደለም እንዴ?"

"እሱ የፋብሪካ ነው። ለቤት መኪና አይሆንም።"

"ማን አለ?"

"መርፌዬ አለ! መኪናው ላይ ብተክለው ተንገዳገደ፣ ክሩን ጎተተ፣ መርፌዬን ቀነጠሰው። ከዚያ ወዲህ ከኮኑ እየቀነስኩ ባዶ ጥቅል ላይ እጠመጥመዋለሁ።"

ጃለኔ ግንባሯን ያዘች። "በእጅዎ?"

"በመኪናው ቦቢን፣ የታች ክር በሚጠቀለልበት። ክሩም እየተበጠሰ አንገበገበኝ፤ ይኸው ተመልሼ ገዛሁ።"

"ይበጠሳላ! አንዱ ጋ ላልቶ አንዱ ጋ ጠብቆ ሲጠመጠም፣ የላይኛው ክር የታችኛው ውስጥ ይሰምጣል። ሲሳብ ይታነቃል።"

"ክር ለመትከልም ኮሌጅ ይገባል በይኝ!"

"ገብቼ ተምሬው ከሆነስ?"

"እንግዲያው ገንዘብሽን ይመልሱልሽ።"

ፊት ለፊት የተቀመጡ ሰውዬ አማርኛ ይሰሙ ኖሮ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። ጃለኔ ግን አልሳቀችም።

"አዴ፣ ቀሚሱ የልጅዎ ነው። እኔ ብሳሳት የሚሰበረው አንድ መርፌ ነው። ቤት ልምጣና እንሞክረው።"

"መኪናዬን አትነኪም።"

"አልነካም። እርስዎ ይነካሉ፣ እኔ እናገራለሁ።"

ባየሽ ላይ ለመፍረድ አይቸኮል። ያችን የጥልፍ መኪና የገዛቻት ኤርፖርት አጠገብ ሆቴል ውስጥ አልጋ እያነጠፈች ነው። በላብ የተገኘ ዕቃ ያስፈራል። የፈራ ሰው ደግሞ አንዴ እምቢ ያለውን ነገር "አይሆንም" ብሎ ይዘጋዋል እንጂ ለምን እንዳልሆነ አይጠይቅም። ስንቶቻችን ነን እንዲህ በር የዘጋን!

ቤት ገቡ። ጃለኔ ኮኑን ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው። "ክሩን ይሳቡ።"

ባየሽ ሳበች። ኮኑ ተንገጫገጨ፤ ክሩ አንዴ ይላላል፣ አንዴ ይወጠራል።

"ነገርኩሽ አይደል? መርፌዬን የሰበረው ይኸው ነው!"

"አሁን ደግሞ ላቁመው። ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ላይ ይሳቡት።"

ሳበች። ኮኑ ንቅንቅ አላለም። ክሩ ከአናቱ እየተፈታ መጣላት። ክንዷ እስኪዘረጋ ሳበች፤ ደግማ ሳበች።

"ትንሿ ጥቅል እየዞረች ትፈታለች፤ ኮን ግን ቆሞ ነው የሚፈታው። ክሩ መጀመሪያ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ወደ መኪናው ይወርዳል።"

"ይኼን የሚያክል ነገር መኪናው ላይ የት ይቆማል?"

"መኪናው ላይ ማን አለዎት? ከኋላው ይቁም! ማቆሚያው ይሸጣል፤ ለዛሬ የኮት ማንጠልጠያ ሽቦ ይበቃናል።"

ጃለኔ የሽቦውን ጫፍ ቀለበት አድርጋ፣ ከኮኑ አናት ትይዩ ከፍ አድርጋ ግድግዳው ላይ በፕላስተር ለጠፈችው። ፕላስተሩ ወዲያው ለቀቀ። ደግማ ለጠፈችው፤ ደግሞ ለቀቀ።

"ይኼ ነው ኮሌጁ?" አለችና ባየሽ ሚስማርና መዶሻ ይዛ መጣች።

"አዴ! የሕንጻው ማኔጀር ግድግዳ አትብሱ ብሎ የለ?"

"ማኔጀሩ ልጅ እየዳረ አይደለም።" ሚስማሩን መትታ ሽቦውን አሰረችበት። "ለመሆኑ ኮን የተባለ ሁሉ ይሆናል?"

"የለም! ጠርዝ ለመዝጋት የሚሸጠው ቀጭኑ ለጥልፍ አይሆንም። እንደዚህ የሚያብረቀርቀው የጥልፍ ክር መሆን አለበት።"

ክሩን በሽቦው ቀለበት አሳልፈው መርፌው ውስጥ ከተቱት። ባየሽ ቁራጭ ሸማ ወጥራ መኪናውን አስነሳች፤ ጣቷን የመኪናው ማጥፊያ ቁልፍ ላይ እንዳደረገች መርፌ እስኪሰበር ጠበቀች። መስቀሉ ተጀመረ። አንዱ ክንድ አለቀ፣ ሌላው አለቀ፣ ዙሪያው ሐረግ አለቀ። መኪናው የቆመው ሥራውን ጨርሶ ነው።

"እህስ?" አለች ጃለኔ።

"ዝም በይ፣ እያየሁ ነው።" በጣቷ ዳበሰችው። ለጥ ያለ ነው። "ልክ ነሽ አልልሽም። ኮኑ ነው ልክ።"

"ለኮኑ ይንገሩልኝ!"

እንግዲህ ትርፉ ይኼ ነው፦ አንድ ኮን ቀሚሱን ከደረት እስከ ጫፍ ይዘልቃል፤ ቀለሙ አይለዋወጥም፤ መጋጠሚያ ስለሌለ ጉብታ የለም፤ በየሰዓቱ ክር መትከልም ቀረ። ከሁሉ በላይ ግን ባየሽ ለሌላው ነገሯም "ለምን አልሆነም?" ማለት ጀምራለች። በእሷ ዕድሜ ይኼ ቀላል ትምህርት አይደለም።

ጃለኔ ስትወጣ ባየሽ ስልኳን አነሳች። "ትሕትና፣ ኦርደር እንዳታደርጊ! ሰማሽኝ? ቅዳሜ መጥተሽ ለኪው።"

"ማሚ፣ ደረቱ አልቋል አላልሽም እንዴ?"

ባየሽ ስልኩን ዘጋችው። ሁለት ሳምንት ሙሉ "ከሩቅ አይታይም" እያለች ለራሷ ስትነግር የሰነበተችውን የደረት ጥልፍ ከነሸማው ከቀሚሱ ላይ ተርትራ አነሳችው፣ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ከተተችው፣ ከዚያ አዲስ ሸማ ዘርግታ ለደረቱ መቁረጥ ጀመረች።