በሲባጎ የተለካ ክንድ

በንጉሡ ጊዜ ነው፣ አስመራ። ጠመንጃ መነካካት ሱሴ ነበር። ከሥራ ስመለስ ገጀረት ሰፈር ባለው ቤቴ ጓሮ ቁጭ ብዬ፣ ጥይት በራሱ ለሚያጎርስ የአደን ጠመንጃ ከወይራ አዲስ ሰደፍ እጠርባለሁ፣ ቃታውን አለሰልሳለሁ። ሰደፍ እንደ ልብስ በልክ ስለሚሠራ፣ የባለቤቱን ክንድ ሳልለካ አልጀምርም። አንድ ቀን የማላውቀው ሰው መጥቶ ቁራጭ ሲባጎ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ። «የወንድሜ ክንድ ልክ ነው። እሱ ከተማ መግባት አይመቸውም» አለኝ። ያን ጊዜ ከተማ መግባት የማይመቸው፣ ሸፍቶ በረሃ የገባ ሰው ነበር። «ባለቤቱ ራሱ ይምጣ» አልኩት። «ሐራይ፣ እሺ፣ ይመጣል» ብሎ ሲባጎውን ትቶ ወጣ። የሽፍታ መልእክተኛ ይሁን የመንግሥት ሰላይ ሳይለይልኝ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ስባንን ሰነበትኩ።

በሳምንቱ ጎረቤቴ የፖሊስ ሻምበሉ ብቅ አለ። ስንት ጊዜ አብረን ሻሂ ስንጠጣ ስለ ጠመንጃ አንድም ቀን አንስቶ አያውቅም። እጅጌውን ሰብስቦ «እስቲ ለእኔም ሰደፍ ይሥሩልኝ» አለኝ። ሜትሬን ስፈልግ እጄ የገባው ያ ሲባጎ ነው። ከክርኑ መታጠፊያ እስከ ጣቱ ብዘረጋው ልክክ አለ። ቀና ብዬ አየሁት። አልደነገጠም።

«ጋሼ» አለኝ እጅጌውን እያወረደ፣ «ያን ዕለት እሺ ብለውት ቢሆን ኖሮ፣ የምመጣው እኔ ብቻዬን አልነበረም።»