ቡታጅራ ሰርግ ላይ ያሰማመረኝ ርካሽ ጊታር

ቅደም ተከተሉን አሳስቼው ይሆናል፤ የተባልኩትን ግን አልረሳም። ቡታጅራ ሰርግ ላይ ከአንድ ባንድ ጋር ለሙከራ ልጫወት ሄድኩ፤ ካልተወደድኩ ባንዱ አይቀበለኝም። ርካሹ ኤሌክትሪክ ጊታሬ ገና ሲሰካ እንደ ወፍጮ ስለሚያጓራ ተጨንቄያለሁ። ጉራጊኛው ተጀምሮ መድረኩ ሲናጥ፣ እኔም ከጨፋሪዎቹ ጋር ስዘል ጩኸቱ ድንገት ጠፋ። "በመጨረሻ ተግባባን" አልኩ በሆዴ፤ ጣቴ እስኪላጥ ተጫወትኩ።

ስንጨርስ የሙሽራው አጎት ትከሻዬን ይዘው "ልጄ፣ እጅህ ይባረክ፤ እንዳንተ የሚጫወት አላየሁም" አሉኝ። ዞር ስል የጊታሬ ገመድ ወልቆ ወለሉ ላይ ተጋድሟል። አፍሬ ለባንዱ መሪ ለሙሉጌታ "ርካሽ ስለሆነ እኮ ነው፤ መሰኪያው ላልቷል" አልኩት።

"ምንም አይደል" አለኝ፤ "ቅዳሜም ልክ እንደዛሬው ተጫወትልን።"

በኋላ ድራመሩን ጠይቄ አረጋገጥኩ፦ ገመዱን የነቀለው ሙሉጌታ ነው።