ከወይዘሮ ኦቲሊ ዛፍ በታች የቆፈርነው ቦይ

ክቡራትና ክቡራን፣ ማለቴ አለቃችን ማርሊንና እናንተ ጫማችሁ ከጭቃ ተለይቶ የማያውቅ ባልደረቦቼ፤

ለግብዣው አመሰግናለሁ። ማርሊን የበሬ ፍርምባውን ሌሊቱን ሙሉ ጭስ ላይ አቆይታዋለች፤ በዚህ የግቢና የዛፍ እንክብካቤ ድርጅት ውስጥ ሳይጣደፍ የተሠራ ነገር ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ለጓንቱም አመሰግናለሁ። ለሥራ ስጠይቅ ወራት ይፈጅ የነበረው ጓንት፣ ሥራ ሳቆም በሪባን ታስሮ መጣልኝ።

ማርሊን "ኤሉቴሪዮ፣ አደራህን ደስ የሚል ነገር ተናገር" ብላኝ ነበር። ፈለግሁ። ያገኘሁት ግን አንድ ዓረፍተ ነገር አልሞላ አለኝ። ስለዚህ የወይዘሮ ኦቲሊ ኮትማንን ዛፍ ነገር ልንገራችሁ። አብዛኞቻችሁ የመጣችሁት ከዚያ በኋላ ስለሆነ ቦዩን እንጂ ምክንያቱን አታውቁም።

ኬንዳል ስትሪብሊንግ ከወይዘሮ ኦቲሊ ቤት በላይ፣ ኮረብታው አናት ላይ ይኖር ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ይቀለኝ ነበር። አንድ ታኅሣሥ ላይ ግቢውን እንድናይለት ከእኛ ጋር የነበረውን ወርኃዊ ውል አቋረጠ። "አትቀየመኝ ወዳጄ፤ ትመጣለህ፣ ዞር ዞር ብለህ ታያለህ፣ ትሄዳለህ። ለማየቱማ እኔም ዓይን አለኝ" አለኝ። ሲያስፈልገው እንደሚደውል ነገረኝ።

በሚያዝያ ሴት ልጁን ሊድር ሆነ። ድግሱ ከኦክ ዛፎቹ ሥር ነው፤ ቅርንጫፎቹ ደግሞ ለፎቶ አንሺው ዝቅ አሉበት። የሞተር መጋዝ ተዋሰና ራሱ ከረከማቸው። ቴክሳስ ውስጥ በሚያዝያ ኦክ መቁረጥ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ትኩሱ ቁስል ጥንዚዛውን ይጠራል፤ ጥንዚዛው ዛፍ ገዳዩን ፈንገስ ተሸክሞ ይመጣል። የግድ ከተቆረጠም ቁስሉ ወዲያው ቀለም ይቀባል። ኬንዳል ቀለም የቀባው አጥሩን ነው። ሠርጉ አማረ። ፎቶውም ጥሩ ወጥቷል አሉ።

ሙቀቱ ሲበረታ ቅጠሎቹ ጅማታቸው እየጠቆረ ይረግፉ ጀመር። ኬንዳልም እንዳለው ደወለ።

ጉዳቱ በእሱ ግቢ ቢቀር ኬንዳል ብቻውን ባዘነ። የእኛ ኦኮች ግን ከመሬት በታች ሥር ለሥር ተያይዘዋል፤ አጥርም ኩርፊያም አያውቁም። የአንዱ በሽታ ለጎረቤቱ ይተርፋል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባልበት ጊዜ አልፎ፣ የቀረው ጥልቅ ቦይ ቆፍሮ ሥሩን መበጠስ ነበር። የት ይቆፈር?

ከኬንዳልና ከወይዘሮ ኦቲሊ መካከል ብንቆፍር የእሳቸው ዛፍ ሊተርፍ ይችላል። በሽታው ቀድሞ ተሻግሮ ከሆነ ግን ቁልቁል ኮረብታው ግርጌ እስካለው ቤተ ክርስቲያን ድረስ ያለው ዛፍ ሁሉ ያልቃል። ከእሳቸው ዛፍ በታች ብንቆፍር ሰፈሩ ይድናል፤ የእሳቸው ከሚሞቱት ጋር ይቀራል። መሬቱ የእሳቸው ስለሆነ ማንም ሊያስገድዳቸው አይችልም። ከሟቹ ባላቸው ከአርኖ ጋር ያንን ቤት ሲሠሩ፣ ዛፉን ላለመንካት ሲሉ ኩሽናውን ጠማማ አድርገው የሠሩ ሴት ናቸው።

ከዛፉ ሥር ቆምን። ኬንዳል ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ "በእኔ በኩል ቆፍሩት፣ ወጪውን እኔ እችላለሁ" እያለ ይለማመጣል።

"አንተ ልጅ፣ አንዴ በራስህ እጅ ሞክረኸዋል። አሁን ዝም በል" አሉት ወይዘሮ ኦቲሊ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ተሻግሯል?"

"አይታወቅም ወይዘሮ ኦቲሊ። ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ነው።"

"አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?"

"እኔ ብሆን መጀመሪያ አለቅሳለሁ።"

"እሱን ከቆፈራችሁ በኋላ እንደርስበታለን" አሉና፣ ከዛፉ ቁልቁል ያለውን መሬት በከዘራቸው ነካ አደረጉ። "እዚህ።"

ወንበር አውጥተው፣ ማሽኑ ከድንጋዩ ጋር ታግሎ እስኪጨርስ ድረስ ተቀምጠው አዩ። በዓመቱ ዛፉ ሞተ። ከቦዩ በታች ያሉት ቆሙ። በሽታው ያኔውኑ ተሻግሮ ነበር ወይስ እኛው ከሚሞቱት ጋር ስለከለልነው ሞተ? ማንም አያውቅም፤ እኔም ራሴን መጠየቅ አልተውሁም። ኬንዳል ቤቱን ሸጦ ሄደ። የገዙት ሰዎች ግቢው ፀሐይ እንደልብ ማግኘቱን ወደውታል።

እኔም የእርስዎንም ወርኃዊ ውል ላቋርጥልዎት ብዬ ወይዘሮ ኦቲሊ ዘንድ ሄድሁ። የቀረው ጉቶ ነው፣ ምኑን እንንከባከባለን አልኋቸው። "ያ ሰውዬ ግቢውን የሚያይለት ሰው ቢኖረው ኖሮ ጉቶ አይኖረኝም ነበር። በየወሩ ና" አሉኝ።

በየወሩ ሄድሁ። ጥቂቷን ሣር አጭድና ቦዩን ተከትዬ የታችኞቹን ዛፎች አያለሁ። በር ላይ ቆመው "ምን አየህ?" ይሉኛል። "ምንም" እላለሁ። "ጎሽ" ብለው ይዘጋሉ። ወገኖቼ፣ እኛ የምንሸጠው ይህንኑ "ምንም" ነው። ሣሩ ምርቃት ነው። ደንበኛ ምንም ሳይደርስበት ሲቀር ለምን እንደከፈለ ይረሳል፤ አትቀየሙት።

ባለፈው ማክሰኞ ግን "ምንም" ማለት አልቻልሁም። ከቦዩ በታች ባለው የመጀመሪያ ዛፍ ላይ ጅማታቸው የጠቆረ ጥቂት ቅጠሎች አገኘሁ። ድርቅ ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። ለምርመራ ልከናል፤ ውጤቱ ሐሙስ ይመጣል፣ እኔ ያኔ ጡረተኛ ነኝ። ለወይዘሮ ኦቲሊ ነገርኋቸው።

"በጊዜ ነው ያየኸው?"

"በጊዜ ነው።"

"እንግዲህ አዲሱ ቦይ የት እንደሚቆፈር ለመምረጥ ጊዜ አለን" አሉና ከዘራቸውን ፍለጋ ወደ ውስጥ ገቡ።

ዳርላ፣ የምትተኪኝ አንቺ ነሽና ከእንግዲህ የእሳቸው በር ያንቺ ነው። ሲጠይቁሽ እንዳትዋሻቸው።

የሁላችሁንም ዓይን አያድክመው። ወገባችሁን ያጽናው። ቁስላችሁን በጊዜ የሚቀባ ሰው አይንሳችሁ፤ ከጎረቤት የሚመጣውን ክፉ ነገር ከደጃችሁ ሳይደርስ የምታዩ ያድርጋችሁ። የሐሙሱ መልስም "ምንም" የሚል ይሁን።