ሳፍሮን ብዬ የጻፍኩት እርድ

ክቡራትና ክቡራን የሆቴላችን የወጥ ቤት፣ የመስተንግዶና የልብስ እጥበት ባልደረቦቼ፤ ከምሳ እረፍታችሁ ቀንሳችሁ ስለሸኛችሁኝ አመሰግናለሁ። የአገራችንን ወጥ፣ ኦይል ዳውኑን የሠራችሁትን ደግሞ ሁለት ጊዜ። የዳቦ ፍሬው የኮኮናቱን ወተት ጠጥቶ ሲጨርስ የሚሸተው ሽታ በሩ ላይ ተቀብሎኛል።

ሥራ አስኪያጃችን ሚስተር ላክሮይ «አጠር አድርጊው» ብለውኛል። እሞክራለሁ።

አዲሱን የምግብ ዝርዝር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከኦይል ዳውን ሥር «በሳፍሮን የተሠራ» አልኩ። ግሬናዳ ውስጥ እርድን ሳፍሮን የማይል ማን አለ? ኮሌጅ ሁለቱ የተለያዩ ተክሎች መሆናቸውን ተምሬ፣ ፈተናም ላይ በትክክል መልሻለሁ። እዚህ ብዕር ሳነሳ ግን የጻፍኩት እናቴ ገበያ ስትልከኝ የምትለውን ነው።

አንድ የውጭ እንግዳ ውዱን ሳፍሮን ብላችሁ እርድ አበላችሁኝ፣ ተታለልኩ ብሎ አቤት አለ። ሚስተር ላክሮይ ቢሮ ጠርተው ቃሉን ከየት እንዳመጣሁት ሲጠይቁኝ፣ «ዋና ወጥ ሠሪዋን ሚስ ቬርሊንን ጠይቄ ነው» አልኩ።

እውነት ነበር። ስጠይቃቸው እንዲያውም ስቀውብኝ፣ «ሳፍሮን ነዋ ልጄ፤ ኮሌጅ የላኩሽ ዓይንሽን ሊያጠፉት ነው እንዴ?» ብለውኛል። እኔ ግን ያንን እውነት መደበቂያ አደረግኩት። በማግስቱ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት እዚያ ድስት ላይ የቆሙ ሴት አንሶላ እንዲያጥፉ ወደ እጥበት ክፍል ተላኩ።

ቢሮ ተመልሼ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። «ሆን ብዬ እንግዳ አታልያለሁ» የሚል ወረቀት እንድፈርም ሚስተር ላክሮይ ሰጡኝ።

«ስህተት በሉት፣ አሁኑኑ እፈርማለሁ» አልኩ። «አታላይ ግን አይደለሁም።»

የመሸኛው ማስታወቂያ ላይ «በገዛ ፈቃዷ» ይላል። አይደለም። አልፈርምም ብዬ ተባርሬ ነው። በዚህ አንገቴን አልደፋም። አንገቴን የምደፋው በመጀመሪያው ቀን ቢሮ ውስጥ ባልኩት ነው።

ትናንት እጥበት ክፍል ሄጄ ሚስ ቬርሊንን ይቅርታ ጠየቅኩ። ቀናም አላሉ። «ያንን ጫፍ ያዢ» አሉኝ። አሥራ ሁለት አንሶላ አብረን አጠፍን። ይቅር ብለውኝ ይሁን አይሁን አላውቅም።

ሚስተር ላክሮይ፣ ጥፋተኛዋ እኔ ከሆንኩና እኔም ከሄድኩ፣ ሚስ ቬርሊን አሁን ስለ ምን እጥበት ክፍል ይቀመጣሉ?

ባልደረቦቼ፣ ጤናና እንጀራ አይጉደልባችሁ። ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ። አንድ ቀን እናንተም ቢሮ ተጠርታችሁ ጥፋቱ የማን ነው ስትባሉ፣ ለእኔ ያልመጣልኝ ድፍረት ለእናንተ ይምጣላችሁ።