ወደ ባሕር የተጣለው ጭነት

ከሞጣ በመጣው አውቶቡስ ቢቸና ላይ ተሳፍሬ ስቀመጥ፣ ከፊቴ ያለው ታላቅ ወንድሜ መሆኑን በሳሉ ዐወቅሁት። ነጠላዬን እስከ ፊቴ ተከናንቤ ስለነበር እሱ አላየኝም፤ አጠገቡ ከተቀመጠ ከረባት ያሰረ ወጣት ጋር ወሬ ይዟል።

«ወዴት ነህ ልጄ?»

«አሰብ፣ አባቴ። የመርከብ ድርጅት የሕግ ክፍል ኃላፊ ሆኜ ተሹሜ ነው።»

«የጎጃም ሰው የርስት ሙግት አልበቃው ብሎ ባሕር ላይም ሊሟገት?»

«ባሕሩማ ደግ ሕግ አለው። ማዕበል ሲነሣ መርከቧን ለማዳን የአንዱ ነጋዴ ጭነት ይጣላል። ኪሳራውን ግን ጭነታቸው የተረፈላቸው ሁሉ ይካፈሉታል።»

«እኛም እንዲሁ አድርገናል። በርስት ሙግት ልንሸነፍ ስንል የእኅታችንን ድርሻ ለባላጋራችን ለቀን ታረቅን። የእኛ የወንዶቹ ተረፈ።»

«ታዲያ ከተረፈው አካፈላችኋት?»

«ባል አላት።»

«ስለ ባሏ አልጠየቅሁም፣ አባቴ።»

«ተወው እንግዲህ፤ ደጋ ላይ መርከብ የለም።»

«ለመሆኑ ፈቅዳ ነው የለቀቀችው?»

«መርቃ ነው እንጂ።»

እንኳን ልመርቅ፣ የጠየቀኝም አልነበረም። ነጠላዬን ከፊቴ ላይ አወረድኩና ወንድሜ ዘወር እስኪል ጠበቅሁ።