አፔኒሳ ያዋሰው የባንክ ሒሳብ

አፔኒሳ ከስኳር ፋብሪካ ጡረታ ከወጣ ሦስት ዓመቱ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም ስለሆነ ላውቶካ በተባለችው የደሴት ከተማ ሰፈሩ ሁሉ ያከብረዋል። አንድ ማለዳ ባንክ ወረፋ ይዞ ሳለ፣ እዚያው የማጭበርበር አቤቱታ የምታጣራውን የእህቱን ልጅ ሊቲያን አገኛት።

«እንዴት አደሩ አጎቴ? በዚህ ሳምንት ሲመጡ ሦስተኛዎ ነው፤ ደመወዝ ጀመሩ እንዴ?»

«ጀመርኩ እንጂ! የውጭ ኩባንያ በእኔ ሒሳብ ገንዘብ ያስገባል፤ አውጥቼ ወደ ሰጡኝ ስም እልካለሁ። ከመቶው አሥሩ የእኔ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ከመልፋት አይሻልም?»

ሊቲያ ክንዱን ይዛ ከወረፋው አወጣችው።

«ኩባንያ ከሆነ የራሱ ሒሳብ የለውም? የእርስዎን ምን አስፈለገው?»

«አንቺ ደግሞ ተምረሽ ተምረሽ ሰው ሁሉ ሌባ መሰለሽ! እኔ የማንን ኪስ ዳበስኩ?»

«ኪስ የዳበሰው ሌላ ነው። ዱካው እንዳይታይ ያሻገሩለት ግን እርስዎ ነዎት። ትናንት አንዲት አሮጊት ባሕር ማዶ ካለችው ከላባሳ ከተማ ደውለው ሲያለቅሱ ነበር። አጭበርባሪዎቹ ‹ልጅሽ ታስሯል፣ የዋስ ገንዘብ ላኪ› ብለዋቸው፣ አውሎ ነፋስ ለወሰደው ጣራቸው ያጠራቀሙትን ባለፈው ሐሙስ ላኩ።»

«ስንት?»

«አንድ ሺህ ስምንት መቶ ዶላር።»

ሐሙስ ዕለት በአፔኒሳ ሒሳብ የገባው ልክ ያን ያህል ነበር። ከድርሻው ላይ እሑድ ለቤተ ክርስቲያን ሰጥቶ፣ ስሙ በጉባኤው ፊት ሲነበብ አንገቱን ቀና አድርጎ ነበር። አሁን ፊቱ ጋለ።

«ወደዚህ ሥራ ሌላ ሰው አስገብተዋል?»

«ጎረቤቴን ሱብማቲን... መበለት ናት፣ ትጠቀም ብዬ። ብተወውና ዝም ብልስ ልጄ?»

«ዝም ካሉ ነገ በእሷ በኩል ይሻገራል። ዛሬ ሊያወጡ የመጡትን አይላኩት፤ ባንኩ ይያዘው፣ ለባለቤቱ ሊመለስ ይችላል። መልእክቶቹን ሳያጠፉ በእግርዎ ፖሊስ ጋ እንሂድ። ‹ምንም አይሉዎትም› ብዬ ግን አልዋሽዎትም።»

አፔኒሳ «መጀመሪያ ሱብማቲ ጋ እንሂድ» አለ። ደግነቱ እሷ የሒሳብ ቁጥሯን ብቻ ነበር የሰጠችው፣ ገንዘብ ገና አልገባባትም፤ «ባንተ አምኜ እኮ ነው!» አለችው። በኋላ ፖሊስ ጣቢያ ከተጠየቀው ሁሉ ይልቅ ይህች ቃል ልቡን ቆረጠችው። የአፔኒሳ ሒሳብ ታገደ፤ የዚያን ቀን ገንዘብ ለባለቤቱ ተመለሰ፤ የአሮጊቷ ግን እንደ ሄደ ቀረ። አፔኒሳም ከጡረታው እየቀነሰ ሊመልስላቸው ፈረመ።

በሚቀጥለው እሑድ ከጉባኤው ፊት ቆመ። «ባለፈው እሑድ የሰጠሁት ገንዘብ የተሰረቀ ነበር። ‹ገንዘብ ተቀብለህ አሳልፍ፣ ድርሻህን ያዝ› የሚል ሥራ የለም። ሒሳባችሁን፣ ካርዳችሁን ለማንም አታውሱ፤ ያዋሳችሁም ካላችሁ ዛሬውኑ ተናገሩ» አለና አንገቱን ደፋ።

ጸሎቱ ሲያበቃ ሦስት ሰዎች ያንኑ የ‹ሥራ› መልእክት በስልካቸው ይዘው፣ እዚያው ተቀምጣ ወደነበረችው ወደ ሊቲያ መጡ። አንዱ የመዘምራኑ መሪ ነበር።