ደራሲው የገዛ መጽሐፉን ሲያነብ

(ጎተራ ኮንዶሚኒየም፣ መኝታ ቤት፤ ያልተሸጡ መጽሐፎቹን የያዘ ካርቶን ከቁምሳጥን ላይ ወድቆበት አናቱን ከመታው ወዲህ ማንበብ የተሳነው ደራሲ ናሁሠናይ፣ ከወር በኋላ፣ ባንክ መስኮት ላይ የምትሠራውን ሚስቱን ትርሲትን ይለማመጣል።)

ናሁሠናይ፦ ለአዘጋጆቹ ደውይላቸውና «ራሱ ያነባል» በያቸው አልኩሽ እኮ!

ትርሲት፦ እኔ ደግሞ መጀመሪያ አንብብልኝ፣ ከዚያ እደውላለሁ አልኩህ።

ናሁሠናይ፦ ቅዳሜ እኮ ነው የሥነ ጽሑፍ ምሽቱ! ዛሬ ካልነገርናቸው መድረኩን በኔ ፈንታ እንዲያነብ ላሰቡት ተዋናይ ይሰጡታል። ያ ሰውዬ የምግብ ዝርዝር ቢያነብ እንኳ ሰው ያስለቅሳል። ቀልዴን በሙሉ ሙሾ ያደርገዋል።

ትርሲት፦ ይሻላል፤ ቢያንስ ሰው አንድ ነገር ይሰማዋል።

ናሁሠናይ፦ ቀልጂ አንቺ። መጽሐፉ ከወጣ ጀምሮ የጠራኝ ሰው ይሄ የመጀመሪያው ነው። እዚያ ተጎልቼ ሌላ ሰው ሲያነብልኝ ካዩ «ማንበብ የማይችል ደራሲ» ብለው ይጨርሱኛል። ከዚያ በኋላ ማን ያሳትመኛል?

ትርሲት፦ ከዚያ በፊትስ ማን አሳተመህ? ራስህ አይደለህ?

ናሁሠናይ፦ ቁስሌን አትንኪ።

ትርሲት፦ የትኛውን? የካርቶኑን ወይስ የገበያውን?

ናሁሠናይ፦ እግዜር መቼም ቀልደኛ ነው። መጽሐፌ ወደ ሰው ጭንቅላት ይግባልኝ ብዬ ስጸልይ ኖሬ፣ ሄዶ ሄዶ ያገኘው የኔኑ ጭንቅላት!

ትርሲት፦ ዶክተሯ «አንጎሉ ተናውጧል» ስትል «በየትኛው ምዕራፍ?» ብለህ አልነበር የጠየቅካት?

ናሁሠናይ፦ አሁን ግን ድኛለሁ። ወር ሙሉ ዳቦ ቤቱን በዳቦው ሽታ ነበር የማገኘው። ትናንት ግን በሩ ላይ «ዳቦ አለ» የሚለውን አነበብኩ።

ትርሲት፦ ነበር ዳቦው?

ናሁሠናይ፦ አልነበረም። ማንበቤ ግን እውነት ነው።

ትርሲት፦ እንካ መጽሐፍህን። ቅዳሜ የምታነበውን ገጽ አሰማኝ።

ናሁሠናይ፦ ስሚ። «ሻለቃ ድንበሩ ጡረታ በወጡ ማግስት ሰፈሩን በሙሉ አሰልፈው ስም ጠሩ። ከሰልፉ የቀረችው አንዲት ዶሮ ብቻ ነበረች። እርሷም በዕለቱ ከድታለች ተብላ ተመዘገበች። ስለዚህም ሻለቃው…»

ትርሲት፦ ቁም።

ናሁሠናይ፦ ምነው? እንደ ውሃ እየወረድኩ!

ትርሲት፦ ገጹ «ተመዘገበች» ላይ አልቋል። አንተ ሳትገልጥ ሻለቃውን ይዘህ ነጎድክ። ማን አስጠናህ?

ናሁሠናይ፦ …እህትሽ። አንቺ ሥራ ስትውዪ።

ትርሲት፦ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ! ጣቱ «መ» ላይ ሳለ አፉ «ረ» የሚደርስ። የኔታ ይህን ሌብነት ስለሚያውቁ እኮ ነው ቀጥለው በአቡጊዳ ፊደሉን አዘበራርቀው የሚይዙት። እኔም እንደሳቸው ልያዝህ፤ እንካ፣ መሀሉን ገለጥኩልህ።

ናሁሠናይ፦ መሀሉን ተይው፣ መሀሉ ትንሽ ይደክማል።

ትርሲት፦ «ልቡ መሀሉ ነው» ስትለኝ አልነበር እንዴ?

ናሁሠናይ፦ ለመሆኑ አንቺ አንብበሽዋል?

ትርሲት፦ ሽፋኑን ወድጄዋለሁ። ወሬ አታስለውጠኝ፣ አንብብ።

ናሁሠናይ፦ ፊደሎቹ እስክስታ ይወርዱብኛል።

ትርሲት፦ አንድ በአንድ ትከሻቸውን ይዘህ አስቁማቸዋ! በጣትህ ተከተል።

ናሁሠናይ፦ የአርባ ዓመት ሰውዬ፣ በጣት?

ትርሲት፦ ከኔ በቀር ማን ያይሃል? እኔ ደግሞ ከዚህም የባሰ አይቼብሃለሁ።

ናሁሠናይ፦ «የ… ሻ… ለ… ቃው… ሚ… ስት…» የሻለቃው ሚስት! ትርሲት፣ ይሄን አልሸመደድኩትም! እህትሽ እዚህ አልደረሰችም!

ትርሲት፦ እውነትህን ነው! ጎሽ የኔ ጌታ፣ ቀጥል። ቀስ በቀስ እንቁላል…

ናሁሠናይ፦ …በእግሩ እየሄደልሽ ነው! «ስት… ቆጣ… የግ… ራ… ቅን… ድቧ… ብቻ… ዋን… ሽቅብ… ት… ወጣ… ለች።» ምን ዓይነት ጨካኝ ነው እንዲህ የሚጽፈው? ላቤ መጣ!

ትርሲት፦ የግራ ቅንድቧ… እሺ?

ናሁሠናይ፦ «ባሏም… ይህን… ሲያዩ… ሽንት… ቤት… ገብ… ተው… ጋ… ዜጣ… ያነ… ባሉ።» ሰማሽ? እያነበብኩ ነው! «በእን… ቅልፍ… ልቧም… ‹ቀ… ጣይ…›»

ትርሲት፦ ቀጣይ ምን?

ናሁሠናይ፦ ቆይ፣ ይህቺ ፊደል እንቢ አለች። «‹ደ… ን… በ… ኛ!›… እያ… ለች… ት… ጮ… ኻለች።» ቀጣይ ደንበኛ! … ኧ።

ትርሲት፦ «ኧ» የሚልም አለው?

ናሁሠናይ፦ የለውም። እሱ የራሴ ነው።

ትርሲት፦ የሻለቃው ሚስት ባንክ ትሠራለች እንዴ?

ናሁሠናይ፦ ልብ ወለድ እኮ ነው፣ የኔ ቆንጆ።

ትርሲት፦ እኔ በእንቅልፌ «ቀጣይ ደንበኛ» እላለሁ?

ናሁሠናይ፦ ሁልጊዜ አይደለም። ደሞዝ ሰሞን ብቻ።

ትርሲት፦ ቀጥል።

ናሁሠናይ፦ ፊደሎቹ ጠፉብኝ። እንዲያውም ራሴን አዞረኝ። ዶክተሯ አታስጨንቁት ብላ የለ?

ትርሲት፦ ናሁሠናይ።

ናሁሠናይ፦ ቅንድብሽን አውርጂውና ላስረዳሽ።

ትርሲት፦ ሽንት ቤቱ ክፍት ነው፤ ጋዜጣም አለ።

ናሁሠናይ፦ ምን ላድርግ፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ድሮ ዓይኔ ቀድሞ ስለሚሮጥ ገደሉን አይቼ እዘለው ነበር። አሁን በዳዴ ስሄድ ዘው አልኩበት።

ትርሲት፦ ስለዚህ ነዋ ያመንኩህ። የሸመደደ ሰው ይሄን ገጽ ለኔ አያነብም። በእውነት ድነሃል።

ናሁሠናይ፦ ኧረ ገና ነኝ! ደግሞ ሳስበው ተዋናዩም መጥፎ አይደለም። ድምፁ ወፍራም ነው። ሰውም ትንሽ ቢያለቅስ ምን አለበት? ትርሲትዬ፣ ስልኩን አስቀምጪው እስኪ… ማን ጋ ነው የምትደውዪው?

ትርሲት፦ ሄሎ፣ ጤና ይስጥልኝ፤ የደራሲ ናሁሠናይ ባለቤት ነኝ። አዎ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቅዳሜ ራሱ ያነባል። ቀስ እያለ ስለሆነ ወንበር አዘጋጁለት። ለኛም ከፊት ያዙልን፤ ከእናቴና ከባንክ ጓደኞቼ ጋር ነው የምመጣው… የቱን ገጽ? እሱን እኔ መርጬለታለሁ።